የፓኬጆች መዝገብ የት ይቀመጥ? በ/ቫር ወይስ በ/ዩኤስአር?

መግቢያ

በዚህች ጽሑፍ ላነሣው የፈለግኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም «በእኔ ላይ የተጫኑት ፓኬጆች እነዚህ ናቸው» ብሎ የሚይዘውን መዝገብ የትኛው ዲሬክተሪ ውስጥ ቢያስቀምጠው ይሻላል? ጥያቄው ይኸው ነው። «ታዲያ አንድ ፎልደር እዚህ ሆነ እዚያ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ራሴ እንደዚያ ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ላብ ውስጥ የገጠመኝ ነገር ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ።

ከዚያ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። የዲሬክተሪ ስሞችን እንደምንጠራቸው አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። /ቫር፣ /ዩኤስአር፣ /ኢቲሲ ስል የትኞቹን ማለቴ እንደሆነ ሊኑክስ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

የግሩፕ ፕሮጀክታችን ለአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሆን የምዝገባ ሲስተም ነበር። አንድ አሮጌ ማሽን ላይ አርፒኤም የሚጠቀም የቆየ የሊኑክስ ዲስትሪቢውሽን ጭነን እንደ ሰርቨር እንጠቀምበት ነበር። ማሽኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስጭነው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ /ቫርን ለብቻው ፓርቲሽን ሰጠሁት። ምክንያትም ነበረኝ። የማይኤስኪውኤል ዳታ የሚቀመጠው /ቫር/ሊብ ውስጥ ነው። ሲስተሙ ተበላሽቶ በስናፕሾት ወደ ኋላ ብመልሰው፣ ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ያስገቡት የሙከራ ዳታ አብሮ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።

ፕሮጀክቱን ልናቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረን ፒኤችፒንና አብረውት የሚሄዱትን ላይብረሪዎች አፕዴት አደረግኩ። አፕዴቱን ከመጀመሬ በፊት የሩት ፓርቲሽኑን ስናፕሾት ይዣለሁ። አፕዴቱ አለቀ፣ የእኛ ፕሮግራም ግን አልነሣ አለ። «ችግር የለም፣ ስናፕሾት አለኝ» አልኩና ወደ ኋላ መለስኩት። ማሽኑ ተነሣ፣ ፕሮግራሙ ሠራ፣ ዳታውም ንክች አላለም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አንዱ የግሩፓችን ልጅ ሪፖርት ለማውጣት የሚያስፈልገንን አንድ የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ሊጭን ሞከረ። ፓኬጅ ማኔጀሩ ምንም ሳያንገራግር ጫነለት። ኤክስቴንሽኑ ግን አይሠራም። ፒኤችፒን «ቨርሽንህ ስንት ነው?» ስንለው አሮጌውን ቁጥር ይነግረናል። አርፒኤምን ስንጠይቀው ደግሞ አዲሱ ነው የተጫነው ይላል። አዲሱን እንጫነው ስንል «አስቀድሞ ተጭኗል፣ የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ይመልስልናል። ግማሽ ቀን እንደዚህ ስንዳክር ዋልን።

በመጨረሻ የላብ ረዳታችንን ጠራናቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ማሽን አብዷል» አልኳቸው።

ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ማሽኑ አላበደም። አንተ ዕቃውን መልሰህ መዝገቡን ትተኸዋል» አሉኝ።

«የቱን መዝገብ?»

«የአርፒኤምን ነዋ! የት ነው የሚቀመጠው?»

«/ቫር/ሊብ/አርፒኤም ውስጥ።»

«/ቫርስ የት ነው ያለው?»

ዝም አልኩ። /ቫርን ለብቻው ያደረግኩት እኔው ነኝ። ስናፕሾቱ /ዩኤስአርን ወደ ትናንትናው መልሶታል፤ /ቫር ግን ዛሬ ላይ ቀርቷል። ፕሮግራሞቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ መዝገቡ የሚያወራው ስለ አዲሶቹ ነው።

መዝገቡን ከፋይሎቹ ጋር በሚያስተያየው የቬሪፋይ ትእዛዝ ስንፈትሸው ስክሪን ሞልቶ የሚፈስ የልዩነት ዝርዝር ወጣ። ደግነቱ የላባችን ኢንተርኔት ስለሚያስቸግር፣ የወረዱ ፓኬጆች ከካሽ እንዳይጠፉ ሴቲንጉን ቀይሬው ነበር። ስለዚህ መዝገቡ «አሉ» የሚላቸውን ፓኬጆች ከካሹ አውጥተን በድጋሚ ጫንናቸው። ፋይሉና መዝገቡ ከታረቁ በኋላ አሮጌዎቹን ከመጫኛው ዲቪዲ ወስደን በራሱ በፓኬጅ ማኔጀሩ በኩል በሥርዓቱ ዝቅ አደረግናቸው። ሲመሽ ጨረስን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ቆይቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። /ቫርን ለብቻው ማድረጌ ስህተት ነበር? ባላደርገው ኖሮ እኮ የልጆቹ ዳታ ይጠፋ ነበር። አንድ /ቫር/ሊብ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከፕሮግራሞቹ ጋር ወደ ኋላ መመለስ ያለበት፣ ሁለተኛው ፈጽሞ መመለስ የሌለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ምን አለ?

ብዙዎቻችን የፓኬጅ መዝገብ ሲባል የስም ዝርዝር ብቻ ይመስለናል። ከዚያ በጣም ይሰፋል። የአርፒኤምን ብንወስድ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ስሙን፣ ቨርሽኑንና ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ ይይዛል። ከዚህም ሌላ ፓኬጁ ያመጣቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ፣ ከነመጠናቸው፣ ከነፈቃዳቸውና ከነዳይጀስታቸው መዝግቦ ያስቀምጣል። በየትኛው ሌላ ፓኬጅ ላይ እንደሚደገፍና ሲነቀል የትኛው ስክሪፕት መሮጥ እንዳለበትም የሚታወቀው ከዚሁ ነው።

በዴቢያንና በኡቡንቱ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ዲፒኬጂ ነው። የእሱ መዝገብ በአብዛኛው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም ኤዲተር ከፍታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ዋናው ፋይል /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ ይባላል። ከጎኑ ኢንፎ የሚባል ዲሬክተሪ አለ፤ የየፓኬጁ የፋይል ዝርዝርና ስክሪፕቶች እዚያ ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ፓኬጅ ማኔጀሩ አንድን ነገር ሲነቅል የትኛውን ፋይል እንደሚያጠፋ፣ አፕዴት ሲያደርግ የትኛውን በየትኛው እንደሚተካ የሚያውቀው መዝገቡን አንብቦ ነው። ዲስኩን ዞሮ አይፈትሽም፤ መዝገቡን ያምነዋል። መዝገቡ ከተሳሳተ እሱም አብሮ ይሳሳታል።

ይኼ ደግሞ የላብ ፕሮጀክት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕን ኤስኤስኤል ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ከ1.0.1 እስከ 1.0.1ኤፍ ያሉት ቨርሽኖች ተጋላጭ ነበሩ፣ 1.0.1ጂ ደግሞ መፍትሔውን ይዞ ወጣ። እስቲ አንድ አስተዳዳሪ የተስተካከለውን ጫነና በሌላ ምክንያት ማሽኑን በስናፕሾት ወደ ኋላ መለሰው እንበል። መዝገቡ ግን /ቫር ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ «የተጫነው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የተስተካከለው ነው ይባላል። አፕዴት ቢያዝም «የሚሠራ የለም» ይባላል። የፓኬጅ መዝገብ አንብበው ሪፖርት የሚያወጡ የደኅንነት መፈተሻ ፕሮግራሞችም «ሰላም ነው» ይሉታል። እውነተኛው ላይብረሪ ግን ቀዳዳው ያለበት ነው። የእኛ ማሽን ቢያንስ አልሠራም ብሎ አስጠንቅቆናል። ይኼኛው ግን ምንም ሳይናገር እየሠራ ይቀጥላል፣ አደጋውም እሱ ነው።

ታዲያ ድሮ /ቫር ለምን ተመረጠ?

ሰዎቹ ሳያስቡ አላደረጉትም። በ1980ዎቹ ዲስክ ውድ ስለነበር የራሳቸው ዲስክ የሌላቸው የዩኒክስ ማሽኖች /ዩኤስአርን ከአንድ ሰርቨር በኔትወርክ ይጋሩ ነበር። ብዙ ማሽን የሚጋራውን ነገር አንዱ እየተነሣ ሊጽፍበት አይገባም። ስለዚህ የማይለወጠው በ/ዩኤስአር፣ ሲስተሙ እየሠራ የሚለወጠው ደግሞ በ/ቫር ይሁን ተባለ። የ/ቫር ስም ራሱ «ተለዋዋጭ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የፋይል ሲስተም አደረጃጀት ስታንዳርድ የሆነው ኤፍኤችኤስም ይህንኑ ይከተላል። መጀመሪያ በ1994 በሌላ ስም የወጣው ይህ ስታንዳርድ 3.0 የተባለውን ቨርሽኑን በ2015 አውጥቷል። በእሱ መሠረት /ዩኤስአር ለንባብ ብቻ ሊሆን የሚችል ነው፤ /ቫር/ሊብ ደግሞ ፕሮግራሞች የሥራ ሁኔታቸውን የሚያስቀምጡበት ነው።

የፓኬጅ መዝገብ ይለወጣል። የሚለወጥ ነገር ቤቱ /ቫር ነው። እንግዲህ መዝገቡም /ቫር ይግባ። ቀላል ሎጂክ ነው፣ ለብዙ ዓመትም ሠርቷል።

ግን አንድ ጥያቄ ልጨምር። መዝገቡ የሚለወጠው መቼ ነው? ፓኬጅ ሲጫን፣ ሲነቀል ወይም አፕዴት ሲደረግ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ /ዩኤስአርም ይለወጣል። /ዩኤስአር ለንባብ ብቻ ተደርጎ በተቆለፈ ጊዜ መዝገቡ የሚለወጥበት ምክንያት የለውም። ሎግ ፋይል በየደቂቃው ይጻፋል፣ የሜይል ሳጥን በየሰዓቱ ይሞላል። የፓኬጅ መዝገብ ግን ከ/ዩኤስአር ጋር ተነሥቶ ከ/ዩኤስአር ጋር የሚቀመጥ ነገር ነው። ስለዚህ «ተለዋዋጭ» የሚለው ስም ከመጀመሪያውም በትክክል አልገጠመውም።

ያንን የድሮውን የኔትወርክ መጋራት እንኳ ብናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዐሥር ማሽን አንድ /ዩኤስአርን ተጋርተው እያንዳንዱ የራሱ /ቫር ቢኖረው፣ ሰርቨሩ ላይ አንድ ፓኬጅ ሲጫን ዐሥሩም ማሽን ፕሮግራሙን ያገኛሉ፤ መዝገባቸው ግን አያውቀውም። መዝገቡ /ዩኤስአር ውስጥ ቢሆን ግን አብሮ ይደርሳቸው ነበር።

የንብረት ክፍሉ ምሳሌ

ረዳታችን ያን ቀን ነገሩን ያስረዱኝ በመጋዘን ነው፣ እኔም ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ንብረት ክፍል ሄዶ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቢን ካርድ አለ። ቢን ካርዱ እዚያ መደርደሪያ ላይ አሁን ስንት ዕቃ እንዳለ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከዕቃው ጋር ነው የሚኖረው። ዕቃው ወደ ሌላ መጋዘን ሲዛወር ካርዱን ባዶ መደርደሪያ ላይ ትቶ የሚሄድ ንብረት ጠባቂ የለም። ከተወው ቆጠራ ሲመጣ ጉድለት ይወጣበታል።

ሞዴል 19ና 22 ግን ሌላ ነገር ናቸው። የሆነውን ነገር የሚመሰክሩ ደረሰኞች ናቸው። ዕቃው ወጥቶ ቢመለስ እንኳ መውጫው አይቀደድም፤ መመለሱን የሚያሳይ ሌላ ይቆረጣል እንጂ።

የፓኬጅ መዝገብ ቢን ካርድ ነው። የፓኬጅ ሎግ ደግሞ ሞዴል 19ና 22። ሁለቱን አንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።

ማን ምን አደረገ?

ስናፕሾት የማይታወቅ በነበረበት ዘመን ይኼ ሁሉ ብዙም አያሳስብም ነበር። ነገሩ የመጣው እንደ ቢቲአርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ ያሉ ፋይል ሲስተሞች ሲስተምን በአፍታ ወደ ኋላ መመለስን ቀላል ሲያደርጉት ነው።

ኦፕን ሱዜ ቢቲአርኤፍኤስን ከስናፕሾት ጋር አስተባብሮ ከሚሠሩት ዋነኛው ነው። እነሱም የእኔን ችግር በትልቁ ነው ያገኙት። /ቫር ራሱን የቻለ አንድ ሰብቮልዩም ሆኖ ከስናፕሾቱ ውጭ እንዲሆን ፈለጉ፤ የአርፒኤም መዝገብ ግን እዚያው ውስጥ ነው። መዝገቡን ወደ /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስኢሜጅ/አርፒኤም አዛወሩት። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የሲስተሙን ምስል የሚገልጽ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ፌዶራም በሜይ 2022 በወጣው ፌዶራ 36 ላይ መዝገቡን ወደዚሁ ቦታ አዛውሮታል። የድሮው /ቫር/ሊብ/አርፒኤም ደግሞ ወደ አዲሱ የሚጠቁም ሲምቦሊክ ሊንክ ሆኖ ስለቀረ የቆዩ ስክሪፕቶች አልተበላሹም። ከዚያም በፊት አርፒኤም ኦኤስትሪ የሚጠቀሙት የፌዶራ ቤተሰቦች መዝገቡን /ዩኤስአር/ሼር/አርፒኤም ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። እነዚህ ሲስተሞች /ዩኤስአርን እንደ አንድ ሙሉ ምስል አድርገው ስለሚቀያይሩ መዝገቡ ከምስሉ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ፍሪቢኤስዲ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። መዝገቡ /ቫር/ዲቢ/ፒኬጂ ውስጥ ነው፣ አልተነቃነቀም። ነገር ግን ኢንስቶለሩ በዜድኤፍኤስ ሲጭን /ቫር የሚባለውን ዳታሴት ስሙን ብቻ ይፈጥረዋል እንጂ ማውንት እንዲደረግ አይፈቅድለትም። ማውንት የሚደረጉት በውስጡ ያሉት እንደ /ቫር/ሎግና /ቫር/ሜይል ያሉት ናቸው። በዚህ የተነሣ /ቫር/ዲቢ ከሩቱ ጋር ይቀራል፤ ሩቱ ወደ ኋላ ሲመለስ መዝገቡም አብሮት ይመለሳል።

ኒክስ ደግሞ ፓኬጆቹንም መዝገቡንም /ኒክስ ከሚባል አንድ ዲሬክተሪ ሥር ነው የሚያኖራቸው። ዴቢያንና ቤተሰቦቹ ግን እስከ ዛሬ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ ላይ ናቸው። እዚያ ላይ ስናፕሾት የሚያደርግ ሰው ይህን ዲሬክተሪ ከሩቱ ጋር ማያያዝ የራሱ ኃላፊነት ነው።

ከዚህ የምንማረው ዋናው ነገር የዲሬክተሪው ስም አለመሆኑን ነው። የፍሪቢኤስዲ መዝገብ /ቫር ሥር ሆኖ በትክክል ይሠራል። የእኔ ደግሞ /ቫር ሥር ሆኖ አሳበደኝ። ወሳኙ፣ መዝገቡና መዝገቡ የሚገልጻቸው ፋይሎች አብረው መሄዳቸውና አብረው መመለሳቸው ነው። መዝገቡን /ዩኤስአር ውስጥ ማስገባት የሚሻለው ይህንን ጥንቃቄ ከአስተዳዳሪው ትከሻ ላይ ስለሚያወርደው ነው። እንደ እኔ ያለ ልጅ ፓርቲሽን በፈለገው መንገድ ቢከፋፍል /ዩኤስአርን ከራሱ ከ/ዩኤስአር ሊለየው አይችልም።

ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሣ ሦስት ተቃውሞ ቀርቦብኛል። ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛው «ፓኬጅ እኮ /ዩኤስአር ላይ ብቻ አይደለም ፋይል የሚያስቀምጠው። /ኢቲሲም፣ /ኦፕትም፣ /ቫርም አለ» የሚል ነው። እውነት ነው። /ዩኤስአር ብቻ ወደ ኋላ ቢመለስ መዝገቡ ስለ /ኦፕት የሚለው ነገር ሊሳሳት ይችላል። ሆኖም ፕሮግራሞቹና ላይብረሪዎቹ በብዛት ያሉት /ዩኤስአር ውስጥ ነው። /ኢቲሲ ውስጥ ያሉት ሰው የሚያስተካክላቸው የኮንፊግ ፋይሎች ስለሆኑ ፓኬጅ ማኔጀሩ ራሱ «ከመዝገቡ ሊለዩ ይችላሉ» ብሎ በተለየ መንገድ ነው የሚይዛቸው። ፍጹም መልስ ባይኖርም ትልቁ ክፍል ካለበት ጋር መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ስለ ባካፕ ነው። ብዙ አስተዳዳሪ /ኢቲሲን፣ /ሆምንና /ቫርን ብቻ ነው ባካፕ የሚያደርገው፤ /ዩኤስአርን መልሶ መጫን ይቻላል ብሎ ይተወዋል። መዝገቡ /ዩኤስአር ከገባ ምን ምን ተጭኖ እንደነበር የሚናገር ነገር ከባካፑ ይጎድላል። ይኼ የሚያሳስብ ነው። መልሱ ግን መዝገቡን መልሶ /ቫር መክተት አይመስለኝም፤ /ዩኤስአር በሌለበት መዝገቡን ብቻውን መመለስ እኔ የገባሁበት ዓይነት ጣጣ ነው። የሚያስፈልገው የፓኬጆቹን ስም ዝርዝር በተራ የጽሑፍ ፋይል አውጥቶ ከባካፑ ጋር ማስቀመጥ ነው። በአንድ መስመር ትእዛዝ ይወጣል።

ሦስተኛው «መዝገቡን ለማንበብም እኮ መጻፍ ያስፈልጋል» የሚል ነው። ይኼ ድሮ ልክ ነበር። አርፒኤም በርክሌይ ዲቢ በሚጠቀምበት ጊዜ ለማንበብም እንኳ አጠገቡ ትንንሽ ረዳት ፋይሎችን ይፈጥር ስለነበር ለንባብ ብቻ የሆነ /ዩኤስአር ላይ ያስቸግራል። በ2020 ፌዶራ 33 ላይ ግን ፌዶራ መዝገቡን ወደ ኤስኪውላይት ለውጦታል፤ እነዚያ ፋይሎችም አብረው ቀርተዋል።

ሁሉም ግን አንድ ላይ አይሂድ

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ የፓኬጅ ማኔጀሩን ነገር በሙሉ ጠቅልለን /ዩኤስአር እናስገባው» የሚል ቢኖር አልስማማም። ፓኬጅ ማኔጀር የሚይዘው ዳታ አራት ዓይነት ነው፣ የአራቱም ጠባይ ይለያያል።

1ኛ. አሁን ያለውን የሚገልጽ መዝገብ። ይኼ ከፋይሎቹ ጋር ይኑር፣ ከፋይሎቹ ጋር ይመለስ።

2ኛ. የሰውየው ፍላጎት። የትኛውን ፓኬጅ ራሱ አዞ እንዳስጫነ፣ የትኛው ደግሞ ተከትሎ እንደመጣ ማለት ነው። በዴቢያን ይህ በ/ቫር/ሊብ/አፕት ሥር፣ ከዲፒኬጂ መዝገብ ውጭ በሌላ ፋይል ነው የሚቀመጠው። መዝገቡ ሄዶ ይኼ ከቀረ «የማያስፈልጉትን ንቀል» የሚለው ትእዛዝ የሚያስፈልገንን ሊነቅልብን ይችላል። ስለዚህ እሱም ከመዝገቡ አይለይ።

3ኛ. ታሪክ፣ ማለትም ሎግ። መቼ ምን እንደተጫነና ምን እንደተነቀለ። ይኼ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ሲስተሙን ወደ ኋላ የመለስነው የሆነ ነገር ስለተበላሸ ነው፤ የተበላሸው እንዴት እንደሆነ የምናውቀው ደግሞ ከሎጉ ነው። የሱዜው ዚፐር ታሪኩን /ቫር/ሎግ ውስጥ ስለሚጽፍ ከሮልባክ በኋላም ይገኛል። ፌዶራ የሚጠቀምበት ዲኤንኤፍ 5 ግን የትራንዛክሽን ታሪኩንም ከሁኔታው ጋር አድርጎ /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስኢሜጅ ሥር ነው የሚያኖረው። በእኔ አስተያየት ይኼ ሞዴል 22ን ከቢን ካርዱ ጋር ስቴፕል እንደማድረግ ነው።

4ኛ. ካሽ። የወረዱ ፓኬጆችና የሪፖዚተሪ ዝርዝሮች። ቢጠፉ መልሰው የሚወርዱ ስለሆኑ ቤታቸው /ቫር/ካሽ ነው። «ቢጠፉም ግድ የለም» የሚባለው ግን ኢንተርኔት እንደልብ ባለበት ነው። በእኛ ላብ የአንድ ቀን ሥራ ያዳነልን ካሹ ነበር። ለዚህ ነው ከስናፕሾቱ ውጭ መሆኑን የምደግፈው።

ማሽን ስታዘጋጁ

ከላይ ያልኩትን ሁሉ ወደ ሥራ ስንለውጠው ጥቂት ነገር ነው። ስናፕሾት ልትጠቀሙ ከሆነ በቅድሚያ የፓኬጅ መዝገባችሁ የት እንዳለና በየትኛው ፓርቲሽን ወይም ሰብቮልዩም ላይ እንዳረፈ እዩ። ከ/ዩኤስአር ጋር አንድ ላይ ካልሆነ ስናፕሾቱን አትመኑት። ሲስተሙን ወደ ኋላ ከመለሳችሁ በኋላ ሌላ ምንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት የቬሪፋይ ትእዛዙን አሂዱ፤ እኔ ብሠራው ኖሮ ችግሩን በአምስት ደቂቃ ባወቅኩት ነበር። መዝገቡን እንደገና የሚገነባውን ትእዛዝም መድኃኒት አድርጋችሁ አትዩት። ያለውን መዝገብ አስተካክሎ ይደረድረዋል እንጂ ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ሄዶ አያይም። የተጠቃሚዎች ዳታ ያለበትን፣ ለምሳሌ የማይኤስኪውኤልን ዲሬክተሪ፣ ለብቻው ለዩት። /ቫርን በሙሉ ከመለየት እሱን ብቻ መለየት ይሻላል።

ማጠቃለያ

አንድ ዳታ የት ይቀመጥ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?» ብለን ነው። የመማሪያ መጽሐፎቻችንም /ቫርንና /ዩኤስአርን የሚለዩት በዚሁ ነው። እኔ ከዚያች አሮጌ ማሽን የተማርኩት ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ይኼ ዳታ ከማን ጋር መስማማት አለበት?» የፓኬጅ መዝገብ መስማማት ያለበት ከተጫኑት ፋይሎች ጋር ስለሆነ ቤቱ እነሱ ያሉበት ነው። ሎግ መስማማት ያለበት ከተፈጸመው ነገር ጋር ስለሆነ ከእነሱ ተለይቶ ይኑር። ይኼ ጥያቄ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ሳይሆን ዳታቤዝ ስንሠራም፣ የራሳችንን ፕሮግራም ስናደራጅም ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮጀክታችንን በቀኑ አቀረብን። ከመምህራኑ አንዱ «ሲስተማችሁ ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ግሩፑ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። መልሱን ግን በደንብ አድርጌ ነው የመለስኩት። በሐሳቤ የማይስማማ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንወያይ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።